ኮምፒውተር አይሳሳትም ለሚሉን፦ ከጎንደር የተጻፈ ምላሽ

ሰሞኑን እዚህ ጎንደር በጤና ሙያ ላይ ያለን ሰዎች በስልክ ስንቀባበለው የከረምነው አንድ ጽሑፍ አለ። ጭብጡ ይህ ነው። ሆስፒታሎች ኮምፒውተር አስገቡ፤ ስህተት ግን አልቆመም። መድኃኒት ይሳሳታል፣ የላቦራቶሪ ውጤት ይቀያየራል፣ ለአንድ ሰው ሁለት ሦስት ካርድ ይወጣል። ለምን? ጸሐፊው መልሱን ለማግኘት ብዙ አልደከሙም። ኮምፒውተር አይሳሳትም፣ የሚሳሳተው ሰው ነው ይላሉ። ባለሙያው ማስጠንቀቂያ አያነብም፣ የሠለጠነውን ይረሳል፣ የይለፍ ቃል ይዋዋሳል፣ ወረቀት ይናፍቃል። ስለዚህ ወረቀቱ ይወገድ፣ ውጭ አገር የተፈተነ ሶፍትዌር እንዳለ ይተከል፣ የተሳሳተው ሰው ስሙ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። በቃ።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከስክሪን የሚመጣ ትእዛዝ እያየሁ መድኃኒት አወጣለሁ። ጽሑፉ ተራ ስድብ ቢሆን ዝም ብዬ ባለፍኩት ነበር። ግን የተነሱት ችግሮች እውነተኛ ናቸው። ደግሞ ጽሑፉን አለቆችም እየተጋሩት ነው። አለቃ የወደደው ጽሑፍ ውሎ አድሮ መመሪያ ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላጥራ። ኮምፒውተሩ ይውጣልን የምል ሰው አይደለሁም። የሐኪም እጅ ጽሑፍ እንደ ደብተራ ክታብ ስንፈታ የኖርን ሰዎች ነን። ስክሪን ላይ ተጽፎ የመጣ የመድኃኒት ስም ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ ለእኔ መንገር አያስፈልግም። ካርድ ክፍል ውስጥ ሲፈለግ ውሎ ሳይገኝ የሚቀር ፎልደርም አይናፍቀኝም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልሂድ። ኮምፒውተር የታዘዘውን ብቻ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ጥፋቱ ሁልጊዜ የአዛዡ ነው ይላል ጽሑፉ።

ቴራክ-25 የሚባል ማሽን ነበር። ካናዳ ውስጥ የተሠራ፣ ለካንሰር ሕሙማን ጨረር የሚሰጥ፣ በኮምፒውተር የሚታዘዝ። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ስድስት ታካሚዎች ከዚህ ማሽን ከልክ ያለፈ ጨረር ተቀበሉ። የሞቱም አሉ። በደንብ የተመረመረው በማርች 1986 ቴክሳስ ውስጥ ታይለር በምትባል ከተማ የደረሰው አደጋ ነው።

ማሽኑን የምታዘው ባለሙያ ልምድ ያላት፣ እጇ የፈጠነ ሴት ነበረች። ለኤሌክትሮን ጨረር «ኢ» የሚለውን ፊደል መጫን ሲገባት ለኤክስሬይ የሚሆነውን «ኤክስ» ነካች። ወዲያው አየችው። ተመልሳ አስተካከለችው። ስክሪኑም የተስተካከለውን አሳያት። ውስጥ ውስጡን ግን ማሽኑ በፊተኛው ትእዛዝ ራሱን እያዘጋጀ ነበር። ለዚያ ስምንት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በነዚያ ሰከንዶች ውስጥ የገባ እርማት ስክሪኑ ላይ ይታያል እንጂ ማሽኑ ጋ አይደርስም። ሴትየዋ ከስምንት ሰከንድ በፊት ጨርሳለች። ቀስ ብላ ብትጽፍ ኖሮ ምንም አይፈጠርም ነበር!

ጨረሩ ሲለቀቅ ስክሪኑ «ማልፈንክሽን 54» የሚል መልእክት አወጣ። ምን ማለት እንደሆነ በቅጡ የሚያስረዳት መመሪያ አልነበራትም። ማሽኑ እንዲህ ያለ መልእክት በየጊዜው ያወጣል። «ቀጥል» የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ ማለፍ የተለመደ ነው። ተጫነች። ታካሚው ለሁለተኛ ጊዜ ተመታ። ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሰው የምታይበት ካሜራ ያን ቀን ተነቅሎ ነበር። የድምፅ መስመሩም ተበላሽቷል። ሰውየው ከአምስት ወር በኋላ ሞተ።

አምራቹ ማሽኑ ከልክ ያለፈ ጨረር ሊሰጥ አይችልም ብሎ ነበር። ችግሩን ያገኙት የሆስፒታሉ የፊዚክስ ባለሙያና ያችው ሴት ናቸው። እየደጋገሙ፣ እሷ በለመደችው ፍጥነት እየጻፈች፣ ያ መልእክት እስኪመጣ ድረስ ሞከሩ። መጣ። ቀድሞ የነበረው ቴራክ-20 እንዲህ ያለውን ጨረር በራሱ የሚከለክል መቆለፊያ ነበረው፤ ከሶፍትዌሩ የተለየ፣ ብረትና ሽቦ የሆነ። በ25 ላይ ሶፍትዌሩ ይበቃል ተብሎ ቀረ።

እንግዲህ በጸሐፊው ሚዛን እንመዝነው። ባለሙያዋ ተሳስታለች? አዎ፣ አንድ ፊደል። አርማዋለችም። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሌሎች ሰዎች ከዓመታት በፊት የወሰኑት ነው። መቆለፊያው እንዲቀር የወሰነ ሰው አለ። መልእክቱን በቁጥር ብቻ የጻፈ ሰው አለ። ካሜራው ሳይሠራ ሕክምናው እንዲቀጥል የፈቀደ ሰው አለ። የሰው ስህተት ነው ከተባለ፣ እሺ፣ የሰው ነው። ግን ጸሐፊው ጣታቸውን የሚቀስሩት ከነዚህ ሁሉ መካከል ቁልፉ አጠገብ የተቀመጠችው ላይ ብቻ ነው። የምቃወመው ይህን ነው። ቅጣቱ ከባድ ስለሆነ አይደለም። ያችን ሴት አባርሮ ሌላ ፈጣን ሰው ቢቀጠር ማሽኑ ያንኑ ይደግመዋል።

ሁለተኛው ነጥብ ስለ ማስጠንቀቂያ ነው። ጸሐፊው ሶፍትዌሩ እያስጠነቀቀ ባለሙያው እያየ ያልፈዋል፣ ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ይብዛ፣ ቀይ ይሁን፣ ይጩህ ይላሉ።

ማለፉ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ የጥናቶች ግምገማ ሐኪሞች ስክሪን ላይ ከሚወጡ የመድኃኒት ማስጠንቀቂያዎች ከ49 እስከ 96 በመቶ የሚሆነውን እንደሚያልፉ አሳይቷል። ከመቶ ዘጠና ስድስት! ይህን ያህል ሰው አንድ ላይ ሰነፍ ሊሆን አይችልም። ለሰባ ዓመት እናት ስለ እርግዝና የሚያስጠነቅቅ ሳጥን ቢወጣ ማን ቁጭ ብሎ ያነበዋል? ዓይን እንዲህ ካሉ ሳጥኖች ጋር ሲውል እጅ ራሱ መዝጋት ይለምዳል። ከዚያ ዋናው ሲመጣም አብሮ ይዘጋል። ጸሐፊው ይብዛ ያሉት በሽታውን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ባለ ትልቅ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሆነውን ልንገራችሁ። 16 ዓመት የሆነው ልጅ እኛ ኮትሪሞክሳዞል የምንለውን መድኃኒት አንድ ኪኒን መዋጥ ነበረበት። የተሰጠው 38 ተኩል ነው። ሐኪሟ 160 ብላ ጻፈች፤ ሚሊግራም ማለቷ ነው። መጠኑ የሚጻፍበት ሳጥን ግን በዚያ ሰዓት የሚጠብቀው ሚሊግራም በኪሎ ነበር። ኮምፒውተሩ ቁጥሩን በልጁ ክብደት አባዛው። ማስጠንቀቂያ ወጥቷል። ሐኪሟ አለፈችው፤ ፋርማሲስቱም አለፈው። መድኃኒት የሚያሽገው ሮቦት ሳይጠይቅ አሸገ። ነርሷ ቁጥሩ ገርሟት ባርኮዱን አነበበች። ባርኮዱ ትክክል ነው፣ 38 ተኩል ነው አላት። አመነችው። ልጁ ሌሊት አንቀጠቀጠው፤ ደግነቱ ተረፈ።

ይህን ታሪክ ሳነብ ወደ ራሳችን ቆላ ነው የሄድኩት። ሰሊጥ ለመሥራት ወደ መተማ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ካላዛር የሚባለው፣ የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው በሽታ ይዟቸው ይመጣሉ። ጎንደር ካላዛርን በማከም የታወቀች ናት። የተለመደው ሕክምና ሁለት መርፌ ነው። ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት በቀን 20 ሚሊግራም በኪሎ፣ ፓሮሞማይሲን 15 ሚሊግራም በኪሎ፣ ለ17 ቀን። የመጀመሪያው ልብንና ቆሽትን ሊጎዳ የሚችል ከባድ መድኃኒት ነው። ታካሚዎቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከስተው፣ ቆዳቸው አጥንታቸው ላይ ተለጥፎ ነው የሚደርሱት። ሁሉም ነገር በኪሎ ነው። እንግዲህ የሚሊግራም ሳጥንና የሚሊግራም በኪሎ ሳጥን አንድ መልክ ይዘው ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ ወይ የክብደቱ ሳጥን ካለፈው መምጣት ቁጥር ይዞ ቢጠብቅ ምን ይሆናል? እዚህ ላይ የሚጮህ ቀይ ሳጥን አያድነንም። የሚያድነን ያለ ዛሬ ክብደት ወደፊት የማይሄድ፣ የአንድ ቀን መጠን ከጣሪያው ካለፈ ፈጽሞ የማይቀበል ሶፍትዌር ነው። ለመቶው መጮህ ትቶ ለሁለቱ በር የሚዘጋ።

ስለ ሥልጠና የተባለውን በአጭሩ ልለፈው። ባለሙያው አንድ ሳምንት ሠልጥኖ እንዴት ይረሳል ይላሉ። ጥያቄው ማን ሠለጠነ ነው። አዳራሽ ውስጥ አበል ያለበት ሥልጠና ሲመጣ የሚሄደው ብዙ ጊዜ አለቃው ነው። (የማያውቅ ካለ ይሳቅ፤ የሚያውቅ ቀድሞ ስቋል።) ሌሊት ተረኛ ሆና ሃያ ምናምን ታካሚ የያዘችው ነርስ ሶፍትዌሩን የተማረችው ከጓደኛዋ ትከሻ በስተኋላ ቆማ እያየች ነው። ኢንተርኖች፣ ማለትም ተለማማጅ ሐኪሞች፣ ደግሞ ከክፍል ክፍል ይዞራሉ፤ ገና ሲለምዱ ይሄዳሉ። ጎንደር ይህን ችግር የምትፈታበት ልማድ አጥታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ኮሌጁ ሲከፈት ጀምሮ ጤና መኮንኑን፣ ነርሷንና ሳኒቴሪያኑን በቡድን አድርጎ ወደ ሥራው ቦታ ወስዶ ማስተማር እዚሁ የኖረ ነገር ነው። ሐኪም፣ ነርስ፣ ላቦራቶሪና ፋርማሲ አንድ ላይ፣ በየክፍሉ፣ የተበላሸ ቀን ጭምር እየተለማመዱ ይሠልጥኑ። ፓወርፖይንቱ ይቅር።

በይለፍ ቃሉ ላይ ጸሐፊው ትክክል ናቸው። በሰው ስም ገብቶ መድኃኒት ማዘዝ አደገኛ ነው። ማን እንዳዘዘ ካልታወቀ ስህተቱን ተከትሎ መመለስ አይቻልም። ብቻ አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ኮምፒውተር አስቀምጦ፣ ለመግባት ደቂቃዎች የሚፈጅ፣ ሰው ዞር ሲል ራሱን የሚዘጋ ሲስተም ተክሎ «ለምን ተዋዋሳችሁ» ማለት ትንሽ አያስተዛዝብም? በር ላይ የሚያቃስት ታካሚ ካለ የተከፈተው ስክሪን ላይ ነው የሚጻፈው። ካርድ ነክቶ ወዲያው የሚከፍት መግቢያና ሁለት ተጨማሪ ኮምፒውተር ከአሥር የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይበልጣል።

ወረቀት ይቃጠል የሚለው ግን አስደነገጠኝ። እርግጥ ግማሹን ወረቀት ላይ፣ ግማሹን ኮምፒውተር ላይ መጻፍ ከሁለቱም የባሰ ነው። ፔኒሲሊን እንደማይስማማው ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ኮምፒውተሩ ካላወቀ፣ እኔ የማየው ኮምፒውተሩን ነው። እስከዚህ አብረን ነን። ከዚያ በኋላ ግን እንለያያለን።

«ሲስተም የለም» የሚለውን ያልሰማ ጎንደሬ የለም። ባንክ ሄደህ ሲስተም የለም ብትባል ነገ ትመለሳለህ። ድንገተኛ ክፍል ነገ የለም። መብራት ይሄዳል። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ኮምፒውተሩ ይጠፋል። ሐኪሙ ያዘዘው ትእዛዝ ደርሷል ወይስ በመንገድ ቀርቷል? ማንም አያውቅም። ደርሷል ብሎ ቢተወው ታካሚው ያለ መድኃኒት ያድራል። አልደረሰም ብሎ ደግሞ ቢያዘው ሁለት ጊዜ ይሰጣል። በ2015 ዓ.ም ክረምት ላይ የክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት መቆየቱን ደግሞ ማን ይረሳዋል? የሕሙማኑ መረጃ ሩቅ አገር ባለ ሰርቨር ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ወረቀቱም ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ፣ በእነዚያ ወራት ምን ይኮን ነበር?

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሜይ 12 ቀን 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ሲያዳርስ እንግሊዝ ውስጥ ከ236 የሆስፒታል አስተዳደሮች ቢያንስ 80ው ተነክተዋል። ቀጠሮዎች ተሰረዙ፤ አንዳንድ ድንገተኛ ክፍሎች አምቡላንስ ወደ ሌላ መለሱ። ሠራተኞቹ በብዕርና በወረቀት ሠሩ። ወረቀቱ ነበራቸዋ!

ስለዚህ ወረቀት እንደ ልማድ ሳይሆን እንደ መጠባበቂያ ይቀመጥ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ቅደም ተከተል የያዘ የታተመ ፎርም በየክፍሉ ይኑር። በየተራው መግቢያ የሕሙማኑ ስምና የሚወስዱት መድኃኒት ይታተም። ሲስተሙ ሲመለስ ወረቀቱን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው ማን እንደሆነ ከወዲሁ ይታወቅ። ብዙ ጊዜ ስህተት የሚገባው ሲስተሙ ሲጠፋ ሳይሆን ሲመለስ ነው፤ ሁሉም ሌላው አስገብቶታል ብሎ ያስባል። ሰርቨሩ ደግሞ እዚሁ ግቢ ውስጥ፣ በቂ ባትሪ ያለው ይሁን።

አሁን ጽሑፉን ለመመለስ ያነሳሳኝ ነጥብ ላይ ደረስኩ። ፈረንጆቹ ይህን ከዓመታት በፊት ፈትተውታል፣ እነሱ ጋ የሠራውን ሶፍትዌር ሳንነካካ እንትከለው ይላሉ።

ፒትስበርግ ያለ አንድ የሕፃናት ሆስፒታል ሐኪሞች ትእዛዛቸውን ኮምፒውተር ላይ የሚጽፉበት ታዋቂ ሲስተም ገዝቶ በስድስት ቀን ውስጥ በሆስፒታሉ ሁሉ አስጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ጥናት ከሌላ ሆስፒታል ተልከው በሚመጡ ሕፃናት ላይ የሆነውን አሳየ። ሞት ከ2.80 በመቶ ወደ 6.57 በመቶ ወጣ። ሶፍትዌሩ የተበላሸ አልነበረም። የፊተኛው አሠራር ነው የተበላሸው። ቀድሞ ሕፃኑ ገና መንገድ ላይ እያለ መድኃኒቱ ይዘጋጅ ነበር። አዲሱ ሲስተም ግን ታካሚው በአካል ደርሶ ሳይመዘገብ ትእዛዝ አይቀበልም። ሐኪሙ ከሕፃኑ አልጋ ተነስቶ ኮምፒውተር ጋ ይቀመጣል። ድንገት የሚያስፈልገው መድኃኒት ከክፍሉ ተነስቶ ዋናው ፋርማሲ ገባ። ያንኑ ሶፍትዌር ሲያትል ያለ ሌላ የሕፃናት ሆስፒታል ተክሎታል፤ እዚያ ሞት አልጨመረም። ዕቃው አንድ ነው። አተካከሉ ነው የለየው።

ይህን ወደ እኛ አምጡት። ከመተማ፣ ከደባርቅ፣ ከሳንጃ ሪፈር ተጽፎለት አምቡላንስ ውስጥ ያለ ልጅ አስቡ። አስታማሚው ካርድ ክፍል ወረፋ ይዞ ካርድ እስኪያወጣ መድኃኒት ሊታዘዝለት ይችላል ወይስ አይችልም? ማንኛውም ሶፍትዌር ሲገዛ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው።

ደግሞ ሌላ አለ። ስማችን። እነዚህ ሶፍትዌሮች የቤተሰብ ስም ላላቸው ሰዎች የተሠሩ ናቸው። እኛ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን። አንዱ መዝጋቢ አያቱን የቤተሰብ ስም ያደርጋቸዋል፤ ሌላው አባቱን። ሲቀጥል በላቲን ፊደል ይጻፍ ይባላል። ፀሐይ የምትባል ሴት ትምጣ። አንዱ በ«ቲ» ይጀምራታል፣ ሌላው በ«ኤስ»። መጨረሻዋ ላይ አንዱ «ዋይ» ይጨምራል፣ ሌላው «አይ»። በአማርኛ ቢሆንም ፀሐይ፣ ጸሀይ፣ ፀሃይ እያልን እንጽፋታለን። ለኮምፒውተሩ እነዚህ ሁሉ የተለያዩ ሴቶች ናቸው። መዝጋቢው ሲፈልጋት አያገኛትም። ወረፋው ረጅም ነው፤ አዲስ ካርድ ያወጣላታል። የማይስማማት መድኃኒት አሮጌው ካርድ ላይ ቀረ። መዝጋቢው አጥፍቷል? ሲስተሙ በድምፅ የሚቀራረቡ ስሞችን አብሮ እንዲያሳይ፣ የእናት ስምና የመጡበትን ቀበሌ እንዲጠይቅ ቢደረግ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

የዘመን አቆጣጠሩስ? አስታማሚ እናት ልጄ የተወለደው በ2010 ነው ትላለች፤ በእኛ አቆጣጠር። ሶፍትዌሩ 2010ን በፈረንጅ ካነበበው ልጁን በሰባት ወይ በስምንት ዓመት ያስረጀዋል። በዕድሜ የሚሰላ ነገር ሁሉ ይዛባል፦ የመድኃኒት መጠን፣ የላቦራቶሪ ጤናማ ወሰን፣ ክትባት። ጳጉሜን ላይ የተወለደ ደግሞ አሥራ ሦስተኛ ወር ለማያውቅ ፎርም ጭራሽ አልተወለደም። የማይቻል ሆኖ አይደለም። ለጤና ሪፖርት የምንጠቀምበት ዲኤችአይኤስ2 የተባለው ሶፍትዌር በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሥራት ይችላል። ሲፈለግ ይሠራል ማለት ነው።

ሰዓቱ ግን ከሁሉም ያስፈራኛል። ሐኪሙ ኢንሱሊን ለጠዋት 2 ሰዓት ያዛል። ኮምፒውተሩ 8፡00 ብሎ ያስቀምጠዋል። ተረኛዋ 8 ብላ ታነበዋለች፤ ከሰዓት በኋላ ማለት ነው። ስድስት ሰዓት ተንሸራተተ። ከቁርስ በፊት የታሰበው መርፌ ምሳ ካለፈ በኋላ ሊሰጥ ነው። አንዷ ነርስ በአበሻ ሰዓት፣ ሌላዋ በፈረንጅ ሰዓት ብታስብ ደግሞ የባሰ ነው። አንዱ ዶዝ ይደገማል፣ ሌላው ይዘለላል። ይህን ማንኛውም የውጭ ኩባንያ አያስበውም። ማሰብም አይጠበቅበትም። ማሰብ ያለብን እኛ ነን። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጤና ኢንፎርማቲክስ በሚያስተምርባት ከተማ ተቀምጠን ሳንነካካ እንትከለው ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም። «ጠዋት»፣ «ማታ» የሚል ቃል ከቁጥሩ ጎን ለመጨመር ስንት ያስከፍላል?

የቀረው የስም መለጠፉ ነገር ነው። የተሳሳተ ይጋለጥ፣ ሌላው ይማርበታል ይላሉ።

እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ አሜሪካ ናሽቪል ውስጥ አንዲት ነርስ ለታካሚዋ የሚያረጋጋ መድኃኒት ፈለገች። መድኃኒቱን በንግድ ስሙ ነው የምታውቀው። በኮምፒውተር የሚከፈተው የመድኃኒት ካቢኔ ላይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደሎች ጻፈች። ካቢኔው የያዘው ግን በሳይንሳዊ ስሙ ነበር። በእነዚያ ሁለት ፊደሎች የመጣው ሌላ ነው፤ ጡንቻን ሽባ የሚያደርግ፣ ትንፋሽ የሚያቆም። ማስጠንቀቂያውን አልፋ ወሰደችው። ታካሚዋ ሞተች። ነርሷ ሙያዋን አጣች። በ2022 በወንጀል ተፈርዶባት የሦስት ዓመት አመክሮ ተሰጣት።

ጥፋት አልነበረባትም አልልም። የጠርሙሱን ጽሑፍ አላነበበችም። ግን ፍርዱ ካቢኔውን አላስተካከለውም። ያስተካከለው ሌላ ነገር ነው። በመድኃኒት ደኅንነት ላይ የሚሠሩ ሰዎች ካቢኔው ቢያንስ አምስት ፊደል ሳይጻፍ መድኃኒት እንዳያሳይ መከሩ። አንዲት ትንሽ ለውጥ። ይህን ማወቅ የተቻለው የሆነው ሁሉ በዝርዝር ስለወጣ ነው።

ስም የሚለጠፍበት ቦታ ዝርዝር አይወጣም። ሊሳሳት ጥቂት ሲቀረው የነቃ ሰው ለማን ይናገራል? እኔ ጋ የደረሰ የተሳሳተ ትእዛዝ ሐኪሙ ጋ ደውዬ ሳስተካክለው ሁለታችንም እፎይ ብለን ወደ ሥራችን እንመለሳለን። ያችን ትእዛዝ ያስከተለው ሳጥን እዚያው ይቆያል፤ ነገ ሌላ ሰው ይጠብቃል። በየክፍሉ ስም የማይጻፍበት መዝገብ ቢኖር፣ አይቲዎቹ በየሳምንቱ ቢያዩት፣ ምን እንዳስተካከሉም መልሰው ቢነግሩን፣ የማስታወቂያ ሰሌዳው ለጨረታና ለስብሰባ ጥሪ ይቀራል።

መጨረሻ ላይ ጸሐፊው አሮጌዎቹ ነርሶች ለኮምፒውተር ስለማይሆኑ ለወጣት ቦታ ይልቀቁ ብለዋል። ቅድም ያልኩትን የቴክሳሷን ፈጣን እጅ ያስታውሱልኝ። እዚህም በዕድሜ የገፉ ሲስተሮች ሲጽፉ ቀስ ይላሉ፤ እውነት ነው። ግን ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር አልጋው ላይ ካለው ሰው ጋር አልገጥም ሲላቸው ስልክ የሚደውሉልኝ እነሱ ናቸው። «ልጄ፣ ይሄ መጠን ለዚህች ሚጢጢ ልጅ ነው?» ይሉኛል። ጸሐፊው ከቦታው ይነሱ ያሏቸውን እነዚህን ሲስተሮች እኔ የምጠይቅላቸው የሚቀጥለው ሶፍትዌር ሲመረጥ ኮሚቴው ውስጥ ወንበር እንዲሰጣቸው ነው። ውሉ ሳይፈረም በፊት ሻጩ ፊት ቁጭ ብለው አንድ የሕፃን ትእዛዝ፣ አንድ የካላዛር ትእዛዝና አንድ የጠዋት 2 ሰዓት ኢንሱሊን ይሞክሩበት።